ከረጢት ሳንፈታ የማንገዛ ሰዎች፣ ኮሌጅ ስንከፍል ለምን ዓይናችንን እንጨፍናለን?



እኛ በአማራት የምንኖር ነጋዴዎች አንድ የታወቀ ጠባይ አለን። በንሙሌ በኩል የመጣ ጭነት ሲራገፍ ከረጢቱን ሳንፈታ፣ ዱቄቱን በጣታችን ሳናሽ፣ የዘይቱን ጀሪካን ገልብጠን ሳናይ ገንዘብ አንቆጥርም። ሻጩ ወንድማችን ቢሆንም እንፈትሻለን፤ እሱም አይቀየምም፤ ንግድ ነውና። እኛው ሰዎች ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላለ የግል ኮሌጅ የልጃችንን ክፍያ ስንልክ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «በየትኛው ባንክ እናስገባ?»

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በኮሌጆቹ ላይ ብቻ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ጥፋቱ የጋራ ነው፤ የእኛም ድርሻ ትንሽ አይደለም። ሳይጠይቅ የሚከፍል ወላጅ እያለ ሳያስተምር የሚያስከፍል ኮሌጅ አይጠፋም።

ከመካከላችን አንድ አባት ለልጁ አራት ዓመት ሙሉ ከፈለ። የትምህርት ክፍሉ አካውንቲንግ ነበር። ልጅቱ ኮርሶቿን ሁሉ በጥሩ ውጤት ጨረሰች፤ ጋውን ለብሳ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶውም በአማራት ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሁላችንም «እንኳን ደስ አለህ» አልነው። ከዚያ የመውጫ ፈተናው ውጤት መጣና አላለፈችም። በስልክ «አባዬ፣ ፈተናው ላይ ከመጣው ግማሹን አስተምረውን አያውቁም» ስትለው «ሰነፍ ነሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋባት። እኛም ቡና እየጠጣን «የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት» ብለን አጸደቅንለት። ዛሬ እናፍርበታለን። ቁጥሩን ያየነው በኋላ ነውና።

ቁጥሩ ይኸው። የመውጫ ፈተና በሀገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈተኑ። ማለፊያውን 50 ከመቶ ያገኙት 61,054 ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ፤ ከመቶ 62 ማለት ነው። ከግል ተቋማት ግን 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 17 መሆኑ ነው።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስበው። መቶ ካርቶን ገዝታችሁ 83ቱ ሲበላሽ «ካርቶኖቹ ሰነፎች ናቸው» ትላላችሁ? መጋዘኑን ትጠይቃላችሁ፤ ጫኙን ትጠይቃላችሁ፤ ያለ ናሙና የከፈለውን ራሳችሁንም ትወቅሳላችሁ። ልጆቻችን ካርቶን አይደሉም፤ የራሳቸው ጥረትና ስንፍና አላቸው። ነገር ግን ከ72 ሺህ ሰው ውስጥ ከ59 ሺህ በላይ ሲወድቅ ምክንያቱ የአንድ ልጅ ስንፍና ብቻ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ የሚከራከሩን አሉ፤ ክርክራቸውም ይሰማ። «ጎበዞቹን መንግሥት ቀድሞ ይወስዳል፤ ለግል የሚቀረው ዝቅተኛ ውጤት ያለው ነው» ይላሉ። እውነት አለው። «የመንግሥቶቹም ቢሆኑ ከመቶ 38 ወድቆባቸዋል» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። «ፈተናው ትምህርታቸውን አጋምሰው በቆዩ ልጆች ላይ ድንገት መጣ» ይላሉ። በዚህም አንከራከርም። ከዚህ በፊትም በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን ሲያግድ፣ የግል ተቋማትንም ከሕግና ከመምህራን ሥልጠና ሲያስወጣ ስንቱ ቤተሰብ እንደ ደነገጠ እናስታውሳለን። የርቀቱ እገዳ ብዙም ሳይቆይ ላላ፤ ድንጋጤው ግን ቀረ። መንግሥት ቁጥጥሩን ዓመታት አዘግይቶ በአንድ ጀንበር ሲያጠብቅ የሚቀጣው ተማሪውን ነው።

ይሁን እንጂ ለኮሌጆቹ አንድ ጥያቄ አለን። ልጁ ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑን ስትመዘግቡት ታውቁ ከነበረ ለምን አልነገራችሁንም? ደካማ ተማሪ የሚቀበል ሰው ከሌላው የበለጠ የማስተማር ዕዳ አለበት። የታመመ ከብት ገዝቶ ያደለበ ሰው ይመሰገናል፤ ገዝቶ አስሮት «ድሮም ታማሚ ነበር» የሚል ግን ገንዘባችንን በልቷል።

ሁሉንም በጅምላ አንፈርጅም። በደርግ ዘመን ዝግ የነበረው የግል ከፍተኛ ትምህርት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ በር ከፍቷል። ዩኒቲ ከቋንቋ ትምህርት ቤትነት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የሀገሪቱ የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቅቷል። ቅድስት ማርያም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ስለ ግል ከፍተኛ ትምህርት የጥናት ጉባኤዎች ሲያዘጋጅ ቆይቷል። በእነዚህና በሌሎች የግል ተቋማት ተምረው ዛሬ በባንኩ፣ በሆስፒታሉ፣ በግንባታው የሚሠሩ ሰዎች ጎረቤቶቻችን፣ አንዳንዶቹም ልጆቻችን ናቸው። ከመቶ 17 ያለፉት በሆነ ቦታ በሆነ መምህር ተምረው ነው ያለፉት። ጥያቄው ያ ቦታ የትኛው ነው የሚል ነው። እኛ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ምን እያየን ነው ታዲያ የምንመርጠው? ሕንጻ! የሰፈራችን ስም በዐረብኛ «ሕንጻዎች» ማለት ነው፤ እኛም ስሙን የሆንን ይመስላል። የሚላክልን ፎቶ መስተዋት የለበሰ ፎቅ ነው። ሄደን ስናይ ምድር ቤቱ ባንክ፣ አንደኛ ፎቁ ካፌ፣ ኮሌጁ ከላይ ሁለት ወለል ተከራይቶ ተገኘ። ኪራዩ ነውር አይደለም፤ እኛም ሱቅ የምንነግደው ተከራይተን ነው። ነውሩ በዚያ ወለል ላይ ቤተ መጻሕፍት የተባለው ክፍል ተቆልፎ፣ ኮምፒውተሩ ለሦስት ተማሪ አንድ ሆኖ፣ መምህሩ ከሌላ ሥራው በታክሲ ሮጦ መጥቶ ስላይድ አንብቦ የሚሄድ ሲሆን ነው።

የትምህርት ክፍሎቹንም ተመልከቱ። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ በየበሩ ሞልቷል። ለምን? ወንበር፣ ጠመኔና የተባዛ ሞጁል ይበቃዋላ። ላቦራቶሪና ወርክሾፕ የሚፈልገው ትምህርት ወጪ አለው። ለኮሌጁ የሚረክሰውን ትምህርት እኛ ለልጃችን የሚጠቅመው ነው ብለን ተቀበልን። እዚህ ጁባ ጄኔሬተር፣ ፍሪጅና የሶላር መብራት የሚጠግን ሰው ስንት እንደሚከፈለው እያወቅን፣ እጁ ለሥራ የተፈጠረውን ልጅ «ዲግሪ ካልሆነ ሰው ምን ይለናል» ብለን ማኔጅመንት እናስገባዋለን። ለልጁ ነው ወይስ ለቡናው ወሬ?

ስለ ተማሪው ኑሮም እንነጋገር፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከነክነን እሱ ነው። አብዛኛው የግል ኮሌጅ ማደሪያ የለውም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከጁባ ይነሣል፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከማያውቃቸው ሁለት ልጆች ጋር ክፍል ይከራያል። ትምህርቱ ግማሽ ቀን ነው፤ ቀሪው ግማሽ ቀን ባዶ ነው። የሚመክረው መምህር የለም፤ ሲታመም የሚያየው ሰው የለም። ጁባ ያደገ ስለሆነ አማርኛው በዐረብኛ ይቀላቀልና ይሳቅበታል። እኛ በሳምንት አንዴ ደውለን «ብሩ ደረሰህ?» እንላለን። «ደረሰኝ እማዬ» ይላል። ይኸው ነው። «ዛሬ ምን ተማርክ? ማን አስተማረህ? ምሳ ከማን ጋር በላህ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ልጁ ሁለት ሴሚስተር ክፍል ሳይገባ ቆይቶ ኋላ የሰማን ቤተሰቦች አለን፤ ክፍያው ግን አንድ ወር አላለፈም። ኮሌጁም ገንዘቡ እስከ ገባ ድረስ «ልጃችሁ ቀረ» ብሎ አልደወለም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከጁባ ዶላር ለሚልክ ሰው የኮሌጁ ክፍያ የቀለለ መሰለው። ሲቀልለን ደግሞ ይበልጥ መጠየቅ ተውን። የረከሰ ነገር ሁሉ ትርፍ እንዳልሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? የልጁ አራት ዓመት በዶላርም በብርም አይመነዘርም።

በተመሳሳይ ጊዜ ኮሌጆቹ ተማሪ ፍለጋ ወጥተዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በመጀመሪያው ዙር ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ከ845,099 ተፈታኞች 27,267። ለዲግሪ የሚበቃው ተማሪ እንዲህ ሲያንስ ውጭ ሀገር ያለ ወላጅ ተፈላጊ ይሆናል። ስለዚህ «ያለ ችግር እናስገባለታለን» የሚል ደላላ ሲደውልላችሁ በጥርጣሬ ስሙት። ልጃችሁ ጁባ ወይም ካምፓላ የተማረ ከሆነ ምስክር ወረቀቱ አስቀድሞ የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል። ያንን «በኋላ ይደርሳል» የሚል ሰው በኋላ አይገኝም።

«እዚሁ ጁባ ይማር» የምትሉም አላችሁ። ይቻላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሕጋዊ መስፈርት አላሟሉም ያላቸውን በርካታ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዘግቶ ተማሪው ሜዳ ላይ እንደ ቀረ አትርሱ። ድንበር መሻገርም አለመሻገርም ከመጠየቅ አያድንም።

ስለዚህ ከመስከረም ምዝገባ በፊት እንዲህ እናድርግ እንላለን።

መጀመሪያ፣ «ኮሌጁ ፈቃድ አለው?» ብለን አናቁም። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለየትምህርት ክፍሉና ለየካምፓሱ ነው፤ ለመደበኛ የተሰጠው ለርቀት አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው «ልጄ የሚማርበት ክፍል፣ በሚማርበት ካምፓስ፣ በሚማርበት መርሐ ግብር ፈቃድ አለው ወይ?» የሚል ነው። መልሱን ከኮሌጁ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው የምናጣራው። የግል ተቋማት እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ከታዘዘ ወዲህ የድሮ ፈቃድ ፎቶኮፒ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ «ባለፉት ሁለት ዙሮች ከዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተማሪ ለመውጫ ፈተና ተቀመጠ? ስንቱ አለፈ?» ብለን በጽሑፍ እንጠይቅ። የሚያኮራ ውጤት ያለው ኮሌጅ ሳይጠየቅ ይናገራል። «ሚስጥር ነው» ላለን አንከፍልም።

ሦስተኛ፣ የዓመቱን ክፍያ ባንድ ጊዜ አንላክ። በሴሚስተር እንክፈል፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊት የልጁን ውጤትና የክፍል ክትትል ከኮሌጁ እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ይህን ለብቻ አንወጣውም። ዕቁብ የምንጥለው፣ ዕድር የምንቆመው አብረን ነው። ለዕቃ ማጣሪያ አንድ ሰው ካምፓላ እንደምንልክ ሁሉ፣ በክረምት ሀገር ቤት የሚገባ አንድ ወላጅ ለሁላችንም ኮሌጆቹን ዞሮ ይይ። ከክፍል ይግባ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ያስከፍት፤ ከደላላው ሳይሆን ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ሻይ ይጠጣ። የትራንስፖርቱን ከዕድሩ እንሸፍን። አዲስ አበባ ያሉትን ልጆቻችንንም በወር አንዴ ሰብስቦ ምሳ የሚያበላ አንድ ዘመድ እንሰይም።

ከባለሥልጣኑ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፦ የመውጫ ፈተና ውጤት በየተቋሙና በየትምህርት ክፍሉ፣ ማንኛውም ወላጅ በቀላሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ በየዙሩ ይለጠፍ። ጥሩ የሚያስተምር ኮሌጅ በዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እኛ ወረቀቱን ይዘን ልጁን እንዳንለቅ እንፈራለን። ያቺ ልጅ ዛሬ ለድጋሚ ፈተናው በራሷ መጽሐፍ እያነበበች ነው። አባቷም አሁን በየቀኑ ይደውልላታል፤ የሚጠይቃትም ስለ ብር አይደለም።