ነቀርሳ ስለ ምን ከስፍራው ይነሣል?



ቤተ ሰብን ከሚያስጨንቁት ደዌዎች መካከል ነቀርሳ፥ በፈረንጆች አጠራር ካንሰር የሚባለው፥ አንዱ ነው። የዚህ ደዌ ክፋቱ በአንድ ስፍራ በቅሎ ማደጉ ብቻ አይደለም፤ ከበቀለበት ተነሥቶ ወደ ሳንባ፥ ወደ ጕበት፥ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል መሰደዱ ነው እንጂ። ብዙውን ጊዜ ሰውን ለሞት የሚያበቃው በመጀመሪያ የታየው ዕጢ ሳይሆን ይኸው ስደቱ ነው። እንግዲህ ነቀርሳን ከስፍራው የሚያስነሣው ምንድር ነው? ብሎ መጠየቅ የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤት ጌታና የቤት እመቤት ሁሉ ጉዳይ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው የአንዲት ቀን ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃልና።

ስለዚህ ነገር አስቀድመው ካሰቡት ሰዎች አንዱ እስቲፈን ፓጄት የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነበረ። እርሱም በ1889 ዓ.ም. (በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በጡት ነቀርሳ የሞቱትን የ735 ሰዎች መዝገብ መርምሮ፥ ደዌው የተዛመተባቸውን የሰውነት ክፍሎች ለይቶ ቈጠረ። ጕበትም ጣፊያም ደም በብዛት የሚደርሳቸው ሲሆኑ፥ ጕበት ብዙ ጊዜ በነቀርሳው ሲያዝ ጣፊያ ግን የሚያዘው ከስንት አንድ ጊዜ መሆኑን አየ። ከዚህም የተነሣ ነቀርሳን በዘር፥ የሰውነትን ክፍል በመሬት መስሎ፥ ዘሩ በየስፍራው ቢበተንም የሚበቅለው በተስማማው መሬት ብቻ መሆኑን አስተማረ። ለአገራችን ገበሬ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ማሳውን ሳያይ ዘሩን ብቻ አይቶ ስለ መከሩ የሚናገር የለምና።

ከፓጄት በኋላ የተነሡት ሊቃውንት የዚህን መሬት ጠባይ ሲመረምሩ፥ በዕጢው ዙሪያ ያለው አየር፥ ኮምጣጣነትና ልዩ ልዩ ቅመም የነቀርሳውን አካሄድ እንደሚለውጥ አገኙ።

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ረቂቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። ሕዋስ ሁሉ የሚኖረው በደም ሥር በሚመጣለት ምግብና ኦክሲጅን በተባለው የአየር ክፍል ነው። ኦክሲጅን ግን ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ እጅግ አጭር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ወረቀት ተደራርበው ከሚኖራቸው ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ዕጢ ያለ ሥርዓት ስለሚያድግ የደም ሥሮቹ አይበቁትም፤ ከእነርሱ የራቁት ሕዋሳቱም ይታፈናሉ። ንቦች ቀፎው ሲጠባቸው መንጋቸው ተነሥቶ ሌላ ማደሪያ እንደሚፈልግ፥ የታፈነውም የነቀርሳ ሕዋስ መነሣትን ያስባል ቢባል ምሳሌው ይስማማዋል። ኦክሲጅን ሲያንሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ያጣበቀው ማሰሪያ ይላላል፤ እርሱም ለጕዞ የሚሆነውን ኃይል ያዘጋጃል። ሕዋስ የኦክሲጅንን መብዛትና ማነስ እንዴት እንደሚያውቅ የገለጡት ሦስቱ ሊቃውንት፥ አሜሪካውያኑ ዊልያም ኬሊንና ግሬግ ሴመንዛ፥ እንግሊዛዊውም ፒተር ራትክሊፍ፥ በ2019 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ነገር ኮምጣጣነት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኦቶ ቫርቡርግ ከ1920 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት እንደ ገለጠው፥ የነቀርሳ ሕዋስ ኦክሲጅን ሳይጐድልበት እንኳ ስኳርን እጅግ አብዝቶ እየበላ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። ይህ አሲድ ወተት ረግቶ እርጎ በሚሆንበት ጊዜ የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ሕዋሱም አሲዱን ከራሱ ወደ ውጭ ስለሚጥለው በዙሪያው ያለው ስፍራ ይኮመጥጣል። በሊቃውንት መለኪያ 7 ከሚለው ቍጥር በታች ያለው ሁሉ ኮምጣጣ ነው፤ የጤነኛ ሰው ደም 7.4 ያህል ሲሆን፥ በብዙ ዕጢዎች ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ግን ወደ 6.5 እና ወደ 6.9 ይወርዳል።

ይህ ልዩነት ለሰሚው ጥቂት ይምሰለው እንጂ ለሕዋስ ግን እጅግ ብዙ ነው። ጤነኞቹ ጎረቤቶች ኮምጣጣውን መቻል አቅቷቸው ይሞታሉ፤ የነቀርሳው ሕዋስ ግን ለምዶታልና ይኖራል። ደግሞም ሥጋን ከሥጋ ጋር ያያያዘውን መረብ የሚበሉ ኤንዛይም የሚባሉ ቅመሞች በኮምጣጣው ውስጥ ይበረታሉ። ስለዚህ ነቀርሳው አስቀድሞ የጎረቤቱን አጥር በአሲድ አፍርሶ፥ ቀጥሎ በፈረሰው በር ይገባል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ጥሪ ነው። ነቀርሳው ከስፍራው ተገፍቶ ብቻ አይወጣም፤ የሚስበውም ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርምር እንዳስረዳው፥ የጡት ነቀርሳ ሕዋሳት በላያቸው አንድን ቅመም የሚለይ ተቀባይ ይዘው ይገኛሉ። ቅመሙም በሳንባ፥ በጕበት፥ በአጥንት መቅኔና በንፍፊት በብዛት የሚገኝ ነው። ሕዋሳቱ ንብ የአበባን ሽታ ተከትላ እንደምትሄድ ቅመሙ ወደ በዛበት ያመራሉ። ፓጄት ከመቶ ዓመት በፊት በመዝገብ ላይ ያየው የመሬት ምርጫ እንዲህ ያለ ምክንያት ተገኘለት። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ ሰውነትን ለመጠበቅ የተሠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት አንዳንዶቹ በዕጢው ተታልለው ለነቀርሳው መንገድ መሪ የሚሆን ቅመም ማፍሰሳቸው ነው። ዘበኛው ለሌባው ፋኖስ ያዘ እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልንሰጥ ይገባናል። በ2009 ዓ.ም. በወጣ ምርምር ላይ፥ የጡት ነቀርሳ ያለባቸው አይጦች ለዳቦ በሚገባው ሶዳ ዓይነት የተቀላቀለ ውሃ በጠጡ ጊዜ የነቀርሳው ስደት ቀነሰ፤ የመጀመሪያው ዕጢ ግን ከማደግ አልተገታም። አንዳንድ ሰዎች ይህን የመሰለ ወሬ ሰምተው ሶዳ ወይም ልዩ ምግብ ነቀርሳን ያድናል እያሉ ይናገራሉ። ይህ በሰው ላይ አልተረጋገጠም። የምንበላውና የምንጠጣው ነገር የደማችንን ኮምጣጣነት በቀላሉ አይለውጠውም፤ ኵላሊትና ሳንባ መጠኑን ይጠብቁታልና። ሶዳን አብዝቶ መጠጣት ግን የሰውነትን ጨው አዛብቶ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ዘመድ የታመመበት ሰው ለአይጥ የተሞከረውን በሕመምተኛው ላይ አይሞክር፤ በዚህም ምክንያት የሐኪም ቀን አይለፍ።

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚተርፈው ትምህርት ምንድር ነው? ዕጢ እያደገ በሄደ መጠን መታፈኑ፥ መኮምጠጡና ለጕዞ መዘጋጀቱ የሚብስ መሆኑ ነው። ገና ትንሽ ሳለ በቀዶ ጥገና ሊወጣ የሚችለው ነገር፥ ከተሰደደ በኋላ በአንድ ስፍራ አይገኝም። በጡትዋ ውስጥ ጠጣር እብጠት ያገኘች፥ የጡትዋ ቆዳ የተሰረጐደባት፥ ወይም ከጡትዋ ጫፍ ደም የወጣባት እመቤት፥ አያምመኝም ብላ መቈየት አይገባትም፤ የነቀርሳ እብጠት በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ አያምምምና። ደግሞ አስቀድማ አትሸበር፤ በጡት ከሚገኙት እብጠቶች የሚበዙት ነቀርሳ አይደሉም። ይህን ለይቶ የሚነግራት ግን የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው።

ባልም ቢሆን፥ ወንድምም ቢሆን፥ እናትም ብትሆን፥ ሕመምተኛዋ በሐፍረት ነገሯን እንዳትሸሽግ ማደፋፈርና አብሮ መሄድ ይገባል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ተብሎ የተነገረው ለዚህ ነው። ነቀርሳ መንገዱን ሳይጀምር እኛ ወደ ሐኪም የምንወስደውን መንገድ እንጀምር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።