የመስክ ጉዞ ወጪ ሲቀነስ የሚቀነሰው ምንድን ነው?

የምርምር በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚነካው የጉዞ ወጪ ነው። 15 የመስክ ቀናት የተጠየቁበት ዕቅድ ከፋይናንስ ክፍል 8 ቀን ሆኖ ይመለሳል፤ አማካሪው «ጥቂት ቀበሌዎች ይበቃሉ» ይላል፤ ተማሪውም ከወረዳው ከተማ በባጃጅ የሚደረስባቸውን ቀበሌዎች መርጦ፣ የመጠይቁን ቁጥር ሳይነካ ሥራውን ያጠናቅቃል። በወረቀት ላይ ቁጠባ ተገኝቷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እንዲህ ያለው ቁጠባ ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው የሚል ነው። ገንዘብ መቆጠብ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ የምንቀንሰው መቀነስ የሌለበትን፣ የምናስቀረው ደግሞ መቀነስ የሚችለውን ነው ለማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከናሙና መጠን ነው። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ የታሮ ያማኔ ቀመር እጅግ የተለመደ ነው። የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ከሆነ፣ የሕዝቡ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን ቀመሩ ከ400 በላይ አይሰጥም፤ 380ና 390 የሚሉ ቁጥሮች በየመመረቂያ ጽሑፉ ሦስተኛ ምዕራፍ የሚደጋገሙት በዚህ ምክንያት ነው። ቀመሩ ግን እያንዳንዱ ተጠያቂ ከጠቅላላው ዝርዝር በቀጥታ በዕጣ እንደወጣ አድርጎ ያስባል። እኛ ደግሞ አስቀድመን ቀበሌ፣ ከዚያ በቀበሌው ውስጥ አባወራና እማወራ እንመርጣለን። የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች አንድ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ የግብርና ባለሙያና አንድ ዝናብ ይጋራሉ። ሃያ ዘጠኙን ጎረቤታሞች ጠይቀን ስንጨርስ ሠላሳኛው የሚጨምርልን አዲስ ነገር ጥቂት ነው። የአበሉና የአድካሚው ቃለ መጠይቅ ዋጋ ግን ለሠላሳኛውም ያው ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ወረዳ ዋጋ ሊተካባቸው ይችላል። አንድ ተጨማሪ ቀበሌ ለመድረስ ለመኪና፣ ለነዳጅና ለጉዞ ቀናት አበል 6,000 ብር፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ አንድ መጠይቅ ለማስሞላት 300 ብር ይወጣል እንበል። በቀበሌው ውስጥ ያሉ ሰዎች በምንለካው ነገር የሚመሳሰሉበት መጠን 0.1 ይሁን። በተለመደው አሠራር ተማሪው 10 ቀበሌዎች ሄዶ በእያንዳንዱ 40 ሰው ይጠይቃል፤ ወጪው 180,000 ብር፣ መጠይቁ 400 ነው። የእነዚህ 400 መጠይቆች እውነተኛ ክብደት ምን ያህል ነው? ከአንድ ቀበሌ የተጠየቁት ሰዎች ብዛት ላይ አንድ ተቀንሶ፣ በመመሳሰያው መጠን ተባዝቶ፣ አንድ ሲደመርበት 4.9 ይሆናል። በናሙና ጥናት ቋንቋ «ዲዛይን ኢፌክት» የሚባለው ይህ ነው። 400 ለ4.9 ሲካፈል 82 ይመጣል። ተማሪው 400 ሰው ጠይቆ፣ በቀጥታ በዕጣ ከተመረጡ 82 ሰዎች የማይበልጥ መረጃ ይዞ ተመልሷል ማለት ነው። ±5 በመቶ ብሎ የጻፈው የስሕተት ወሰንም ወደ ±11 በመቶ ይጠጋል።

አሁን ያንኑ ገንዘብ በሌላ መንገድ እናውጣው። ወደ 18 ቀበሌዎች ሄደን በእያንዳንዱ 13 ሰው ብቻ እንጠይቅ። ወጪው 178,200 ብር ነው። መጠይቁ ወደ 234 ወረደ፤ ዲዛይን ኢፌክቱ 2.2 ሲሆን የመረጃው ክብደት ወደ 106 ከፍ አለ። መጠይቁ በ166 ቀነሰ፣ ወጪው በጥቂቱም ቢሆን ቀነሰ፣ መረጃው ግን ጨመረ።

13 የሚለው ቁጥር በግምት የመጣ አይደለም። ወደ ቀበሌው የመድረሻ ወጪ ለአንድ መጠይቅ ወጪ ይካፈላል፤ ከአንድ ላይ የመመሳሰያው መጠን ተቀንሶ የሚቀረው ለራሱ ለመመሳሰያው መጠን ይካፈላል፤ ሁለቱ ተባዝተው ዳግም ዘራቸው ይወሰዳል። ዊልያም ኮክራንና ሌስሊ ኪሽን የመሰሉ የዘርፉ ሊቃውንት ከስድሳ ዓመታት በፊት በመማሪያ መጻሕፍታቸው ያብራሩት ጉዳይ ነው። የሚለካው ነገር ጎረቤታሞችን እጅግ የሚያመሳስል ሲሆን፣ ለምሳሌ የመስኖ ተጠቃሚነት ወይም ከገበያ ያለው ርቀት ሲሆንና መጠኑ 0.3 ሲደርስ፣ በአንድ ቀበሌ 7 ሰው ይበቃል። መጠኑ 0.02 ብቻ ሲሆን ግን 31 ሰው መጠየቅ ያዋጣል፤ ያን ጊዜ «ጥቂት ቀበሌዎች ይበቃሉ» ያለው አማካሪ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ስለዚህ የጉዞ በጀት ከመጻፉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ቀን?» ሳይሆን «የምለካው ነገር በአንድ ቀበሌ ውስጥ ምን ያህል ይለያያል?» የሚለው ነው።

ይህ ስሌት ካልኩሌተር ላለው ሁሉ ቀላል ሆኖ ሳለ ለምን አይሠራበትም? አንደኛው ምክንያት እኛው ነን። በመመረቂያ ግምገማ ላይ 234 የሚል ቁጥር ያየ ገምጋሚ «ናሙናው አንሷል» ማለቱ አይቀርም፤ ከ10 ቀበሌ 400 ያየው ግን ያልፋል። ተማሪውም ይህን ያውቃል። ገምጋሚው የቀበሌዎቹን ቁጥር ባለመጠየቁ የአገሪቱን ነዳጅና የተማሪውን ላብ ያባክናል።

ሁለተኛው የውሎ አበል ነው። የፋይናንስ ክፍል ቀናትን በጥርጣሬ ማየቱ መሠረት አለው። ቲና ሶሬይደና ሁለት ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ፣ በማላዊና በታንዛንያ ላይ ያካሄዱትና የኖርዌይ የልማት ትብብር ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት፣ አበል የደመወዝ ድጎማ ሲሆን ጉዞ ለጉዞው ሲባል እንደሚበዛ አሳይቷል። ደመወዝ በማይበቃበት አገር ይህ የሚያስገርም አይደለም። መፍትሔው ግን ሁሉንም ዕቅድ በእኩል መቁረጥ ሊሆን አይገባም። ቀን የሚቆረጥለት ቡድን የሚተወው ሩቁን ቀበሌ ነው፤ ከወረዳው ከተማ አጠገብ ያለውን ማንም አይተውም። በዚህም የተነሣ በተደጋጋሚ የሚጠኑት አስፋልት ዳር ያሉ ገበሬዎች ይሆናሉ፤ መንገድ የሌለው ቀበሌ ደግሞ በጥናት ላይ የተመሠረተ በሚባለው ፖሊሲ ውስጥ ሳይታይ ይቀራል።

ስለ ደረሰኝም አንድ ነገር ልበል። ወደ ዞኑ ከተማ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ከዚያ በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል መጓዝ መኪና ከሹፌር ጋር ይዞ ከመውጣት በብዙ ይረክሳል። ነገር ግን የሞተር ሳይክሉ ባለቤት ደረሰኝ የለውም፤ የመኪና አከራዩ አለው። ደረሰኝ የሌለው 400 ብር ሲከለከል ደረሰኝ ያለው 4,000 ብር ይፈቀዳል። ለአነስተኛ የገጠር ትራንስፖርት በተጠያቂው ፊርማና በቀበሌው ማረጋገጫ የሚወራረድ የተወሰነ ገንዘብ ቢፈቀድ፣ ከማንኛውም የአበል ቅነሳ የበለጠ ይቆጥባል። መንገዱ ጸጥታ የሌለው ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ በሰው ደኅንነት ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም።

ከሁሉ የከፋው ብክነት በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዕቅድ እስኪጸድቅ፣ ገንዘብ እስኪለቀቅና ግዥ እስኪፈጸም ወራት ያልፉና ወደ መስክ የሚወጣው በግንቦትና በሰኔ ይሆናል። ያን ጊዜ በደጋውና በወይናደጋው ዝናቡ ገብቷል፤ መኪናው ጭቃ ፊት ቆሞ ሲውል የሹፌሩም የመረጃ ሰብሳቢውም አበል ይቆጥራል፤ ገበሬው እርሻ ላይ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ይሄዱበታል። በዚያ ላይ የምግብ ዋስትና መጠይቆች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ያለፉትን አራት ሳምንታት ነው። ጎተራው በተሟጠጠበት ሰኔ የተጠየቀና ከአውድማ በኋላ በጥር የተጠየቀ ቤተሰብ የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም። የአንድ ዞን ጥናቶች በአንድ መኪና ተጣምረው በታኅሣሥና በጥር ቢወጡ መንገዱም ይደርቃል፣ ሰውም በቤቱ ይገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው የትምህርት ክፍሎች የመስክ መርሐ ግብራቸውን በመስከረም አብረው ማውጣታቸውና ገንዘቡ እስከ ኅዳር መለቀቁ ነው። ለዘንድሮው በጀት ጊዜው አልፏል፤ የመጪው ዓመት ዕቅድ ግን ገና በየትምህርት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው።