«አጥብቀህ በይደው!» ፕላን አይደለም

ጋዜጠኝነት የተማሩ ልጆች ስለ ብየዳ ምን አገባቸው ትሉ ይሆናል። እንዴታ፣ ያገባናል! በያጁ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ብየዳው ሥር የምንቀመጠው እኛ ነን። ሠርግ የምንበላበት አዳራሽ ጣሪያ፣ ልብስ የምንሸምትበት ሱቅ ቆጥ፣ ታክሲ ስንጠብቅ ከአናታችን በላይ የተገተረው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከጎረቤት አጥር ወደ እኛ ያዘነበለው የሮቶ ማማ፣ ሁሉም ብረት ከብረት ጋር ተጣብቆ የቆመ ነው። ስለዚህ ኳሱንም ፖለቲካውንም ለአንድ ቀን እናሳርፍና ስለ መጋጠሚያ እናውራ።

የምንለው ነገር አጭር ነው። መጋጠሚያው ያልተሰላ የብረት ሥራ አልተነደፈም። ኮለኑንና ቢሙን አስልቶ መጋጠሚያውን «በያጁ ይጨርሰዋል» ብሎ የተወ መሐንዲስ ግማሽ ሥራ ሠርቶ ሙሉ ዋጋ ተቀብሏል። ፕላኑን አይቶ ማኅተም የመታበትም እንዲሁ!

ለትንንሽና ለመካከለኛ ሥራ የሚወጣ ፕላን ብዙ ጊዜ ምን ይመስላል? ሲያዩት ያምራል። የኮለኑ ስፋት አለ፣ የካፕሪያታው ቁመት አለ፣ የላሜራው ውፍረት አለ። መስመርና መስመር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን «ይበየዳል» የምትል አንዲት ቃል ታገኛላችሁ፤ ዕድለኛ ካልሆናችሁ እሷም የለችም። ብየዳው ስንት ሚሊ ሜትር? ርዝመቱ ስንት? ዙሪያውን ነው ወይስ በሁለት ጎን? በየትኛው ኤሌክትሮድ? ሲያልቅስ ማን ያየዋል? ዝም! ይህን ዝምታ የምንሞላባቸው አራት አባባሎች አሉን። አንድ በአንድ እንያቸው።

«በያጁ ያውቅበታል»

በእርግጥ ያውቅበታል። ቀኑን ሙሉ ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ እሳት ሲጨብጥ የሚውል ሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን በምንጽፍ ልጆች አይናቅም። ነገር ግን በያጁ የሚያውቀው እንዴት እንደሚበየድ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበየድ መናገር ያለበት ስሌቱ ነው።

ስሌቱ ደግሞ አስማት አይደለም። ሁለት ብረቶች ጥግ ለጥግ ሲበየዱ ብየዳው የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል። ጭነቱ የሚሰላው በሦስት ማዕዘኑ እግር ሳይሆን ከጥጉ እስከ ፊቱ ባለው አጭር ርቀት ነው፤ ባለሙያዎቹ ጉሮሮ ይሉታል። ጉሮሮው የእግሩ 0.7 ገደማ ነው። እግሩ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጤነኛ ብየዳ በተራ የግንባታ ብረት ላይ፣ በአውሮፓው ኮድ ቀለል ባለው ስሌት፣ 9 ቶን ገደማ ይችላል። እግሩ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን የሚችለው 6 ቶን ገደማ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የጠፋው አቅም 3 ቶን ነው፤ 3 ሺህ ሊትር ውኃ ከነሙሉ ክብደቱ ማለት ነው! ያቺ 2 ሚሊ ሜትር ደግሞ «ብየዳው አላማረም» ተብሎ ግራይንደር ሲያርፍበት በደቂቃ ትሄዳለች። ከላይ አንቲረስት ከተቀባ በኋላ ማን ያየዋል? አሠሪው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ይከፍላል። በያጁን አትክሰሱት፤ «6 ይሁን፣ እንዳትነካው» ያለው ሰው የለማ!

«እሷ እኮ ትንሽ ናት»

ለዚህች አባባል መልሱ ያለው ሰሜን ባሕር ላይ ነው። አሌክሳንደር ኪይላንድ የሚባል የኖርዌይ ተንሳፋፊ መድረክ ነበረ፤ በኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ ለሚሠሩ ሰዎች ማደሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። አምስት እግሮች ነበሩት፤ እግሮቹን የሚያያይዟቸው ደግሞ ወፋፍራም የብረት ቱቦዎች ናቸው። ከቱቦዎቹ አንዱ ላይ የውኃ ውስጥ ድምፅ መስሚያ መሣሪያ ለመትከል ቀዳዳ ተከፈተና አጭር ማቀፊያ ገባበት፤ ዙሪያውም በ6 ሚሊ ሜትር የጥግ ብየዳ ተበየደ። የመሣሪያ መያዣ ናት፤ ሕንፃ አትሸከም፤ ማን ይጨነቅላታል?

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1980 ምሽት ላይ በማዕበል መካከል ያ ቱቦ ተበጠሰ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አንዱ እግር ተገንጥሎ ሄደ፤ መድረኩ ወዲያው አዘነበለ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተገለበጠ። በላዩ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ የስብራቱን መነሻ ሲከታተሉ እዚያች «ትንሽ» ብየዳ ላይ ደረሱ። ስንጥቁ ውስጥ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ቀለም! ማለትም ብየዳዋ የተሰነጠቀችው መድረኩ ገና ሲሠራ፣ ቀለም ሳይቀባ በፊት ነው። ከዚያ ሞገዱ እየመጣ እየሄደ ስንጥቁን ሲያረዝመው ኖረ። ብረትም እንደ ሰው ይደክማል።

ብረት «ይህቺ ዋና ናት፣ ይህቺ ተቀጽላ ናት» ብሎ አይለይም። ከበየዳችሁበት አንድ አካል ሆኗል። ያለቀ ካፕሪያታ ላይ የድምፅ ማጉያ ማንጠልጠያ፣ ያለቀ ኮለን ላይ የማስታወቂያ መያዣ ሲለጠፍ ነዳፊው የሚጠየቅበት ቦታ ስንት ነው? እስቲ እናንተው መልሱት።

«አጥብቀህ በይደው!»

ይህችኛዋ የአሠሪ ትእዛዝ ናት፤ ብዙ ከተበየደ ይጠነክራል ከሚል እምነት የመጣች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1994 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኖርዝሪጅ ላይ መሬት በ6.7 መጠን ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀን በፊት የአሜሪካ መሐንዲሶች ቢሙ ከኮለኑ ጋር በደንብ የተበየደበትን የብረት ሕንፃ ከሁሉ አብልጠው ያምኑት ነበር፤ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም ይሉት ነበር። እውነትም አንድም እንዲህ ያለ ሕንፃ አልወደቀም። ኋላ ላይ ግን ሽፋኑ ተገፎ መጋጠሚያው ሲታይ ከ150 በሚበልጡ ሕንፃዎች ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ብረቱ ታጥፎ ኃይሉን ሊውጥ ሲገባው መጋጠሚያው እንደ ሸክላ ተሰንጥቋል።

ብየዳ አንሶ አይደለም። ብየዳ ሞልቶ ነበር። የኤሌክትሮዱ ዓይነት ድንገተኛ ኃይል ሲመታው የማይታገሥ ሆነ፤ ብየዳው እንዳይፈስ ከሥር የሚደገፍበት ዝርግ ብረት ሳይነሳ ቀርቶ የስንጥቅ መነሻ ፈጠረ፤ ቅርጹም ኃይሉን ሁሉ አምጥቶ ብየዳው ላይ ደፋው። ልክ በዓመቱ በዚያው ቀን በጃፓን ኮቤም ተመሳሳይ ስብራት ታየ። ከመፍትሔዎቹ አንዱን ስትሰሙ ትገረማላችሁ፤ ቢሙን ከመጋጠሚያው ጥቂት ራቅ ብለው ግራና ቀኙን ጠርበው አሳሱት! ሲመጣ እዚያ ይታጠፍ፣ ብየዳው ይረፍ ነው ነገሩ። አያችሁ? ጥያቄው «ምን ያህል እናጥብቅ» ሳይሆን «የቱ ይታጠፍ፣ የቱ ይትረፍ» ነው። ይህን ደግሞ በያጁ መሰላል ላይ ሆኖ አይወስንም።

«እሱ የካሊፎርኒያ ነው» እንዳትሉን። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ስንቶቻችን ሌሊት በደረጃ ወርደናል። ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን ነው፤ ጎረቤት ደግሞ አይመረጥም።

«ያው ነው»

የመጨረሻዋ በጣም ጨዋ ስለሆነች በጣም ታስፈራለች። ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ ሲቲኮርፕ የተባለ ባለ 59 ፎቅ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1977 ተጠናቀቀ። የቆመው በማዕዘኖቹ ላይ ሳይሆን በየጎኑ መኻል ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች ነው። ነዳፊው ዊልያም ሌሜዙሪየር ንፋሱን የሚቋቋሙትን ሰያፍ ብረቶች መጋጠሚያቸው ሙሉ በሙሉ ዘልቆ በሚገባ ብየዳ እንዲሠራ አስቦ ነበር። ኋላ ብየዳው ውድ ነው ተብሎ በቡሎን ተለወጠ። ቢሮው ፈቀደ፤ እሱ ራሱ ግን ለውጡን የሰማው ሕንፃው ሰው ከገባበት በኋላ በ1978 ነው። ንፋሱ በማዕዘን በኩል ሲመጣ ምን ይሆናል ብሎ እንደገና ሲያሰላ ደነገጠ። ከዚያማ በያጆች በሌሊት እየገቡ ከ200 በሚበልጡ መጋጠሚያዎች ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሲበይዱ ከረሙ።

የሚያበሳጨን የቀረው ነው። ሕንፃው ውስጥ ለሚሠሩትና በዙሪያው ለሚኖሩት እውነቱን የነገራቸው የለም። የከተማዋ ትልልቅ ጋዜጦች በዚያው ኦገስት በአድማ ተዘግተው ስለነበር ጠያቂም ጠፋ። ሕዝቡ ታሪኩን በሙሉ የሰማው በ1995 በአንድ መጽሔት ጽሑፍ ነው፤ ከ17 ዓመት በኋላ! ብዙዎች ታሪኩን «ስህተቱን ያረመ ጀግና መሐንዲስ» ብለው ያስተምሩበታል። ማረሙን እናመሰግናለን። ነገር ግን በሰው ሕይወት ላይ በሹክሹክታ የሚወሰን ውሳኔ ጀግንነት አይባልም። ቆይተው የተሠሩ ስሌቶች አደጋው ያኔ የተፈራውን ያህል ላይሆን እንደሚችል ቢያሳዩም የእኛን ነጥብ አያፈርሱም፤ ብየዳ በቡሎን ሲለወጥ «ያው ነው» ተብሎ ነበር፤ ያው መሆኑን ግን በጊዜው አስልቶ ያረጋገጠ አልነበረም።

እሺ፣ ምን ይሁን ነው የምትሉት?

«አገሩ ድሃ ነው፣ ይህ ሁሉ ወጪ ነው» የሚል አይጠፋም። የመጋጠሚያ ስሌት የሚጠይቀው የመሐንዲስ ሰዓትና ጥቂት ወረቀት ነው። ብረቱ እንደሆነ በየቀኑ ዋጋው እየጨመረም ይገዛል! ይልቅ ድሃ አገር ናት ሁለት ጊዜ መሥራት የማትችለው። «እስካሁን ቆሟል እኮ» የሚልም አለ። የኪይላንድ መድረክም ስንጥቁን ይዞ ዓመታት ተንሳፏል። የሎስ አንጀለሶቹም እስከዚያ ሌሊት ድረስ ምንም አልሆኑም ነበር። መቆም የብየዳ ፈተና ውጤት አይደለም፤ ፈተናው ገና አልመጣ ይሆናላ!

ሕግ የለም እንዳይባል መመሪያው አለ። ኢቢሲኤስ 3 የተባለው የብረት ሕንፃ ንድፍ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል፤ በ2015 ደግሞ የአውሮፓውን የተከተለው የኢትዮጵያ ደረጃ መጥቷል። የጠፋው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ስለዚህ እንጠይቅ። አንደኛ፣ በፕላኑ ላይ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ የብየዳው ዓይነት፣ መጠንና ርዝመት፣ የኤሌክትሮዱም ዓይነት ይጻፍ፤ ያልተጻፈበት ፕላን ፈቃድ አያግኝ። ሁለተኛ፣ ብየዳው ቀለም ከመቀባቱ በፊት በመለኪያ ይታይ፤ ያየው ሰው ስሙን ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ሳይት ላይ መጋጠሚያ ሲለወጥ ነዳፊው ራሱ አስልቶ ይፈርም፤ በስልክ «እሺ ቀጥሉ» አይበቃም። አራተኛ፣ ያለቀ ብረት ላይ ማንም ተነስቶ አይበይድ። አዳራሽ የምትከራዩ፣ ቆጥ የምታሠሩ፣ ሮቶ የምታሰቅሉ ወጣቶች ደግሞ «ስንት ብር?» ካላችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «መጋጠሚያውን ያሰላው ማነው?»

መልሱ «በያጁ» ከሆነ ቀብዱን መልሱ በሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ጩኸቱን አሁን እንጀምረው።

ቸር እንሰንብት!