ጎማውን ለየትኛው ሰዓት ነው የምትገዛው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ስማዳ፣ ወገዳ ሳስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ፊዚክስ ሲጨንቀው የነበረ ልጅ ነው። ፎቶው ላይ ቀይ ፎርድ ሙስታንግ አለች። ያገለገለች ናት፤ ግን ታበራለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ቲቸር እንደምን አሉ? ይቺን ገዛሁ። ጎማዋ የሙቀት ጊዜ ጎማ ነው አሉኝ። ብርዱ ሊገባ ነው። ሻጩ ‘ኦል ሲዝን ግዛ፣ ዓመቱን ሙሉ ትነዳበታለህ’ ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ‘ለእንዲህ ያለ መኪና ኦል ሲዝን መግዛት ለፈረስ የአህያ ኮርቻ መጫን ነው’ ይሉኛል። እርስዎ የፊዚክስ ሰው ነዎት፣ ምን ይመክሩኛል?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ ስፖርት መኪና የማውቀው በፎቶ ነው። ጎማና ብርድ ከተባለ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከባድ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ለእሱ የመለስኩለትን ለእናንተም ልጻፈው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ከሙስታንጓ የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ መኪና አለ።

መጀመሪያ ጎማ ብርድ ላይ ምን እንደሚሆን እንይ። ጎማ መንገድ የሚይዘው ለስላሳ ስለሆነ ነው። ተጭኖ አስፋልቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይገባል፣ ይቆነጥጣል። ሲበርደው ይደርቃል። የደረቀ ጎማ አስፋልቱን አይቆነጥጥም፣ ላዩ ላይ ይሄዳል።

ለጋይንት ሰው ይሄን በቅቤ ማስረዳት ይቀላል። በታኅሣሥ ጠዋት ነፋስ መውጫ ላይ ቅቤ በቢላ ይቆረጣል። ያንኑ ቅቤ ከስማዳ ወደ በሽሎ ቆላ ብታወርዱት ይፈሳል። ቅቤው ያው ነው፣ የተለወጠው አየሩ ነው። ጎማም እንደዚያው ነው። ሰሪዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ የተለያየ ቅመም ያለው ጎማ ይሠራሉ። የሙቀት ጎማ አለ፤ ሙቀት ላይ በጣም ይይዛል፣ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን እየደረቀ ይሄዳል። የብርድ ጎማ አለ፤ በበረዶ ላይም ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል፣ ሙቀት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። በሁለቱ መሀል ያለው ኦል ሲዝን የሚሉት ነው። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ይችላል፣ አንዱንም እንደ ባለሙያው አይችልም።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልኩት። አሁን ያለው የሙቀት ጎማ ብርድ ሳይገባ ይውለቅ፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ሙስታንግ ጉልበቷን የምታወጣው በኋላ እግሯ ነው፤ የኋላ ጎማዋ ከደረቀ ቤንዚን ትንሽ ስትረግጥ ቂጧ ይዞራል። መኪናዋን ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ከተማ ውስጥ የምትነዳት ከሆነ፣ በረዶ በጣለ ቀንም ቤት የምታስቀምጣት ከሆነ፣ ጥሩ ኦል ሲዝን ይበቃሃል። ጎኑ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል ስላየህ ብቻ ግን አትግዛ። እሱ የሚናገረው ስለ ጥርሱ አቀራረጽ ነው። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ፈልግ፤ እሱ በእውነተኛ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። በብርዱ ወራት ወደ ሮኪ ተራሮች የምትወጣባት ከሆነ ደግሞ ኦል ሲዝኑን ተወው፣ ሙሉ የብርድ ጎማ ግዛ። ኮሎራዶ ራሷ በተራራው አውራ ጎዳና ላይ ከመስከረም እስከ ግንቦት፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የጎማውን ዓይነትና የጥርሱን ጥልቀት በሕግ ወስናለች። የጥርሱ ጥልቀት ከ5 ሚሊ ሜትር ብዙም የማያንስ ነው።

በአጭሩ ያልኩት ይሄን ነው፦ ጎማ ለአማካይ ቀን አይገዛም። የምትገዛው መንገድህ ላይ ለሚያጋጥምህ መጥፎ ሰዓት ነው። ለቀሪው ሰዓት ማንኛውም ጎማ ይበቃል።

ይሄን ከየት ተማርከው ብትሉኝ፣ ከጉና ጎን ነው።

በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ለሥራ ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር እሄድ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ያዝኩ። አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጉና ራሱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ሣሩ ላይ አመዳይ ጨው እንደነሰነሱበት ነጥቷል። ከመሳፈሬ በፊት ስልኬን አብርቼ ጎማውን አየሁ። ልማዴ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ አዲስ ይመስላል። «ጎበዝ ባለንብረት» ብዬ ጋቢና ገባሁ።

ቁልቁለት ላይ አንዲት መታጠፊያ አለች፤ ከጎኗ የምንጭ ውኃ መንገዱን እያቋረጠ ይወርዳል። ያን ሰዓት ውኃው መንገዱ ላይ ረግቷል። ሾፌሩ አልበረረም፣ ይሄን እመሰክርለታለሁ። ፍሬን ነካ አደረገ። መኪናው አልሰማውም። መሪውን አዞረ፣ አሁንም አልሰማውም። ዝም ብሎ እንደ ገበታ ተንሸራተተ። እግዚአብሔር ይመስገን በገደሉ በኩል አልሄደም፣ በተራራው በኩል ካለው ቦይ ገብቶ በጎኑ ተኛ።

ሰው አልሞተም። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት ግን ክንዳቸው ተሰበረ። ቀኝ እጃቸው ነው፣ እንጀራ የሚጋግሩበት። ዛሬም ድረስ በደንብ አይዘረጋም። ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋቸውና «ቲቸር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ያን ቀን ምን ሆነን ነው የተንሸራተትነው?» አሉኝ። «ብርዱ ነው እማማ» አልኳቸው። መልስ አልነበረም። መልሱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ያው መኪና ተነስቶ ደብረ ታቦር ጎሚስታ ቤት ቆሞ አገኘሁት። ጎሚስታው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የጎማውን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉና በጣታቸው አራት ቁጥር አሳዩኝ። 3405 ይላል። «ይሄ ማለት በፈረንጅ በ2005 ዓመተ ምሕረት፣ በ34ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱን አትይ ልጄ። ቆሞ የኖረ ጎማ ነው፣ ድንጋይ ሆኗል» አሉኝና በጥፍራቸው ጫኑት። አልሰረጎደም። በጥርሱ ሥር ፀጉር የመሳሰሉ ስንጥቆች ነበሩ። 11 ዓመት የሞላው ጎማ ነው የጫነን።

እኔ እንግዲህ 19 ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ሰበቃ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። እስቴ መካነ ኢየሱስ አስተምሬያለሁ፣ ወገዳ አስተምሬያለሁ፣ ነፋስ መውጫ አስተምሬያለሁ። ቀመሩን ሁላችሁም ሸምድዳችኋል። ግን ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን አራት ቁጥር ማንበብ አላውቅም ነበር፣ ለአንዳችሁም አላስተማርኩም። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። የሙስታንጓን ነገር ከጨረስን በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። ይሄ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ለወንድሙ ሚኒባስ ገዝቶለታል። ወንድሙ ከወገዳ በታች ጋይንት በኩል አድርጎ ነፋስ መውጫና ደብረ ታቦር ሰው ይጭንበታል። «የወንድምህስ መኪና ጎማው የስንት ዓመት ነው?» አልኩት።

ቴሌግራሙ ላይ «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይላል፣ ይጠፋል። በመጨረሻ «ቲቸር፣ አላውቅም» አለኝ።

ልጁን ልወቅሰው አይደለም። ሰው ነው፣ ደክሞ ሠርቶ ነው የገዛው። ግን እስቲ አስቡት። ለቅዳሜ መኪና አንድ ወር ሙሉ ጎማ ያማርጣል። ሕዝብ ጭኖ በየቀኑ ጉናን ለሚያቋርጠው መኪና ጎማ የሚመርጠው ግን ርካሽ ያገኘ ሰው ነው። የእሱ ብቻ ችግር አይደለም፣ የሁላችን ነው።

«ቲቸር፣ በዚህ ኑሮ ማን አራት አዲስ ጎማ ይገዛል?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የጎማ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ባለንብረቱም ዕዳ አለበት፣ ሾፌሩም የጎማ መግዣ አይሰጠውም። «ዋናው ሾፌሩ ነው፣ ጎማው ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። እኔ ግን ያን ቀን ጥሩ ሾፌር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሾፌር የሚያዘው በጎማው በኩል ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የሰው መዳፍ በሚያህል ቦታ ነው፤ አራት መዳፍ ማለት ነው በጠቅላላው። ያ አራት መዳፍ ድንጋይ ከሆነ የሾፌሩ ጉብዝና መሬት አይደርስም።

ሌላው ነገር፣ እኔ የብርድ ጎማ ግዙ እያልኩ አይደለም። ለኛ አገር ልክ የሚሆነው ያው ኦል ሲዝን ነው። የኛ መንገድ አራቱን ወቅት በአንድ ቀን ያሳያል፦ ጠዋት አመዳይ፣ ቀትር ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ በክረምት ደግሞ ከሰዓት ጉና ላይ ነጭ ያደረገ በረዶ፣ ማታ ወደ ቆላ ወርዶ ሙቀት። የብርድ ጎማ ቶሎ ተበልቶ ያልቅብናል። የምለው፣ የምትገዙት ኦል ሲዝን በሕይወት ያለ ይሁን ነው። ገንዘብ የማይጠይቁትን ላስቀድም።

አንደኛ፣ አራቱን ቁጥር አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በፈረንጅ ዓመት ናቸው። ከውጭ በኩል ካጣችሁት ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናል፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። 5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ይመርመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ቢያብረቀርቅም ይውጣ። ስኮርታውንም እንዳትረሱ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው፣ ጥርሱ ስላላለቀ ግን ወጣት ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ። ባሕር ዳር ቀትር ላይ ልክ ሆኖ የተነፋ ጎማ ሌሊቱን ነፋስ መውጫ ሲያድር ይጎድላል። በየ5 እና 6 ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል ብላችሁ ያዙ።

ሦስተኛ፣ በጥርሱ መሀል ባለው ቦይ ውስጥ እንደ ትንሽ ድልድይ ያሉ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ አለቀ ማለት ነው። ለጉና መንገድማ እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ የለብንም።

አራተኛ ገንዘብ ይፈልጋል፦ ለሚኒባስ የሚኒባስ ጎማ ግዙ። ከልኩ ቀጥሎ «ሲ» የምትል ፊደል ያለችበት ለጭነት የተሠራ ነው፣ እንደ 195 አር 15 ሲ ያለው። የቤት መኪና ጎማ ስለገጠመ ብቻ 12 ሰው አይጫንበትም። ጎማ ለመቀየር አቅማችሁ ሁለት ብቻ ከሆነ ደግሞ አዲሶቹን ለኋላ አድርጉ። ብዙ ሾፌር ለፊት ያደርጋል፣ ግን ያዳለጠው የኋላ እግር መኪናውን እንደሚያዞረው አስቡ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአባት መኪና የገዛችሁ ልጆቼ ደግሞ፣ መኪና ገዝቶ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። ግን ስጦታው ጎማ ሲያልቅ አያልቅም። በዓመት አንድ ጊዜ «የጎማውን ቁጥር አንብብልኝ» ብላችሁ ደውሉ። «ሥራ እንዴት ነው?» ከማለት በፊት እሱን ጠይቁ።

ትናንት ማታ የልጁ ወንድም ከወገዳ ደወለልኝ። ስልኩን በትከሻው ይዞ ባትሪ እያበራ፣ አንድ በአንድ አነበበልኝ። የፊቶቹ ሁለቱ ደህና ናቸው። የኋላ ቀኙ 2219፣ ይቆይ አልኩት። የኋላ ግራው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። «ምነው?» አልኩት።

«1611 ነው ቲቸር። እንደ ትናንትናው ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ሰው ጭኜበት ሄጃለሁ» አለኝ።

ዛሬ አልወጣም፣ መኪናው ቆሟል። ወንድምየው ከዴንቨር የጎማ ብር ልኳል፤ ሙስታንጓ በዚህ ወር በፊተኛው ጎማዋ ጋራዥ ውስጥ ትቆይ ብሏል። እኔም ባርኬዋለሁ።

እናንተም ነገ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ጎንበስ በሉና አራቱን ቁጥር አንብቡ። የራሳችሁ መኪና ባይኖራችሁም የምትሳፈሩበትን አንብቡ። ሾፌሩ ቢቆጣ «ፊዚክስ ቲቸራችን አዞን ነው» በሉት።