ሚኒስትሪ የሚፈትነው ማንን ነው?

ሕዝባችን እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» እያለ የሚጠራው የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ በተነገረ ቁጥር፣ ትምህርት ቤቶች ከላይ እስከ ታች በተራ ይሰለፋሉ። ከላይ የተገኙት ይመሰገናሉ፤ ከታች የተገኙት ይወቀሳሉ። ወቀሳው ደግሞ በትምህርት ቤቱ አያበቃም። «የዚያ አገር ልጅ ትምህርት አይገባውም» እስከ ማለት የሚደርስ ሰው፣ በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። በዚህ እትም ለዚህ አባባል መልስ ልንሰጥ ወደናል፤ ለምሳሌም አልዱባን እንውሰድ።

አልዱባ በደቡብ ኦሞ፣ በበና ጸማይ ወረዳ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በገበያዋ ቀን በናው፣ ጸማዩ፣ ሐመሩና አሪው ይገናኙባታል። በናውና ሐመሩ የሚግባቡበት ቋንቋ እንደ አሪኛው ከኦሞአዊ ወገን ሲሆን፣ ጸማይኛ ግን ኩሻዊ ነው። አማርኛ ደግሞ ከሁሉም የራቀ ሴማዊ ቋንቋ ነው። እንግዲህ የበናው ሕፃን በአማርኛ ፊደል ሲቆጥር፣ ፊደሉንና የፊደሉን ቋንቋ በአንድ ላይ ይማራል ማለት ነው። በዚህ ላይ በቀድሞው የደቡብ ክልል በብዙ ቦታ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ሠላሳ ፍየል ወደ በረት ሲገባ አንዲቱ ብትጎድል በዓይኑ የሚለይ ልጅ፣ የመቀነስ ጥያቄ በሦስተኛ ቋንቋ ተጽፎ ቢመጣለት ቢሳሳት፣ የተሳሳተው መቀነሱ ነው ወይስ ቋንቋው? የፈተናው ወረቀት ይህን አይለይም፤ ዜሮውን ብቻ ይጽፋል።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናትም፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳየ። ይሁን እንጂ ዕድሉ ለሁሉ እኩል አልደረሰም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዓለም ያደነቀው ሥራ ነበር፤ ማስተማሪያ ያደረጋቸውም ቋንቋዎች 15 ደርሰው ነበር። ከ15ቱ መካከል ግን የደቡብ ኦሞ ቋንቋ አንድ እንኳ አልነበረበትም። ከኋላ የተነሣ ሯጭ ከኋላ ቢደርስ ምን ያስገርማል?

ንባብ ያልጸናበት ትምህርት ደግሞ የአንድ ወረዳ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከመቶ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ተስኗቸው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወጣት ትምህርት አይገባውም ያለ አልነበረም፤ ሁሉም የትምህርቱን ሥርዓት ነው የወቀሰው። ለአገሩ ሁሉ የተፈረደው ይህ ቀና ፍርድ ለአልዱባ ልጅ ሲሆን ስለ ምን ይጣመማል?

ፈተናው ይቅር አንልም። ዘመድና ገንዘብ የሌለው ልጅ የሚተማመንበት አንድ ሚዛን ቢኖር ፈተናው ነው። የማለፊያውን ነጥብ ዝቅ አድርጎ ማሳለፍም ምጽዋት ነው፤ ለዛሬ ደስ ቢያሰኝ ለነገ ይጎዳል። የምንለምነው ሚዛኑ የሚመዝነው ነገር እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ውጤት በሚገለጽበት ጊዜ ሦስት ነገሮች አብረው ይገለጹ። አንደኛ፣ ከስምንት ዓመት በፊት 1ኛ ክፍል ከገቡት ስንቶቹ ለፈተናው እንደ ደረሱ። ሁለተኛ፣ በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን መምህር በክፍሉ እንደ ተገኘ፣ ስንት መጽሐፍም ለስንት ልጅ እንደ ደረሰ። ሦስተኛ፣ ልጁ በምን ቋንቋ ተምሮ በምን ቋንቋ እንደ ተፈተነ። እነዚህ ሲታወቁ ወቀሳው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ርዳታውም በሚያስፈልግበት ቦታ ይደርሳል።

ለእኛስ የሚተርፈን ምንድን ነው? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ፣ የሚበዙትም በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። ዛሬ ጂንካ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከበናም ከአሪም የወጡ ወንድሞችና እኅቶች ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። ክረምት በመጣ ጊዜ እነርሱ በቋንቋቸው፣ እኛም በረዳትነት፣ ለታናናሾቻችን ንባብና ሒሳብ ብናስተምር መንግሥትን የሚያስጠይቅ በጀት አያሻም። ማኅበራችን ፈቃደኞችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንዲመዘግብ እናሳስባለን።

የፈተናውን ወንፊት አልፈን እዚህ ተቀምጠናል። ወንፊቱ ላይ በቀሩት ከመሳቅ ይልቅ የወንፊቱን ቀዳዳ መመርመር፣ ተማሪ ለተባለ ሁሉ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ነው።