ስለ ሠራተኛ ሰው ሥዕል ትርጓሜ

የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት (1606–1669 እ.ኤ.አ.) የባለወፍጮ ልጅ ነበረ። የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክና የባለጠጎችን መልክ በቅብ እንደ ሣለ፣ በመንገድ የሚያልፈውንም ተራ ሰው በመቃ ብርዕና በጽሕፈት ቀለም ይነድፈው ነበር። ያገራችን ጸሐፍትም ብራና የሚጽፉት በመቃ ብርዕ ስለ ሆነ፣ መሣሪያው ለቤተ ክህነት ሰው እንግዳ አይደለም።

እንዲህ ባለው ንድፍ ላይ የሰውዬው ስምም ማዕርግም አይጻፍም። ስለዚህ ተመልካች ሁሉ የልቡን ይጨምርበታል፤ አንዱ ለማኝ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሰነፍ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ጻድቅ ያደርገዋል። ነገር ግን የትርጓሜ ሊቃውንት ነጠላውን ንባብ ሳያጠኑ «አንድም» አይሉም። ለሥዕልም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ የጎበጠውን ትከሻና የጨበጠውን እጅ አይቶ፣ ምሥጢሩን ከዚያ በኋላ መናገር ይገባል።

ይህም ሥርዓት በወረቀት ላይ ላለው ሰው ብቻ አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል፣ መረቡን የሚያጸዳው ዓሣ አጥማጅ ስሙ ሳይታወቅ በፊታችን የቆመ ሥዕል ነው። ሹሙ ስለ መረቡ ደንብ ሲያወጣ፣ ካህኑም ስለ ኑሮው ሲገሥጽ፣ አስቀድሞ ሥራውን ቀርቦ ማየት ይገባዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡም ይወለድ የነበረው ሳያዩ ከመተርጐም ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም ሐዋርያ ከመባሉ በፊት መረብ ጣይ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።