ሌሊት 9 ሰዓት የሚመጣ ውሃ

ኢምፔሪያል አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ያፏጫል፣ ከዚያ ያስላል፣ ከዚያ ትንሽ ቡናማ ውሃ ይተፋል። ሕንፃው በሙሉ ይነቃል፤ ጀሪካን ይንኳኳል። እኛ አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ታች ዲናሞ ያላቸው ሮቷቸውን እስኪሞሉ እንጠብቃለን። አንዳንዴ ሳይደርሰን ይሄዳል። ቆጣሪው ግን በአየሩም ይዞራል፣ ቢሉም ይመጣል።

ለምን ስንል መልሱ ያው ነው፤ ሕዝቡ በዛ፣ መብራት ጠፋ፣ ፓምፕ ተበላሸ። እሺ፣ ሕዝቡ ትናንት ማታ ነው እንዴ የመጣው? ለዚህ ሁሉ ፎቅ ፈቃድ የሰጠው ማነው?

እስቲ ግድቦቻችንን እንቁጠር። ገፈርሳ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፤ ሁለቱም በንጉሡ ዘመን። ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። ከዚያስ? ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን አልነቅፍም፤ የአቃቂና የለገዳዲ ጉድጓዶች ባይኖሩ እስካሁን አልቆልን ነበር። ግን የጉድጓድ ውሃ በመብራት ተስቦ ነው የሚወጣው። አቃቂ ደግሞ ከከተማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሽቅብ ይገፋል። መብራት ሲሄድ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉ ግድቦችን ስም እየሰማን ልጅ ወልደን አሳደግን።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ሲመረቅ እንባዬ መጥቷል። ቦንድ ገዝቻለሁ፣ በ8100 መልእክት ልኬያለሁ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ በራሳችን ገንዘብ ሠራን! (ሕዳሴ የመብራት እንደሆነ፣ ውሃውም አዲስ አበባ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ኮሜንት ላይ እንዳታስተምሩኝ።) ያንን የቻለ አገር ለዋና ከተማው መጠጥ ውሃ ሲሆን አቅም አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በረሃ ናት ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ ትጠጣለች። እኛ ጋ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ክረምት ላይ አስፋልቱ ላይ መኪና ይዋኛል፣ ቤት ስንገባ ጀሪካን እንፈልጋለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈረቃው በየሰፈሩ ተለጥፎ ይታወቅ፣ ቢያንስ የስልካችንን አላርም እንሙላበት። ለአዲስ ፎቅ ፈቃድ ሲሰጥ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይጻፍ። ገርቢ የት እንደደረሰ በግልጽ ይነገረን። መሬቱን የሚለቀው ገበሬም ካሳው ቀድሞ በእጁ ይግባ፤ እሱ ሜዳ ላይ ተጥሎ የሚመጣ ውሃ እኔ በበኩሌ አልፈልግም።

ይኸው 10 ሰዓት ሆነ። ታች ዲናሞው ዝም ያለ መሰለኝ። ባልዲዬን ልደግን።